የሥራ ቡድን የሚጸናው በምንድን ነው?



ከምእመናንም ከፕሮጀክት ሠራተኞችም ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። ይኸውም ገንዘቡ ተገኝቶ፣ ሰዎቹም ተመርጠው ሳለ አንዱ ፕሮጀክት ፍሬ ሲያፈራ ሌላው ስለ ምን መንገድ ላይ ይቀራል? የሚል ነው። መልሱን ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ኮልፌ፣ ዘነበ ወርቅ አካባቢ ባለው በአለርት ሆስፒታል ሥራ እንመልከተው።

አለርት ዛሬ ጠቅላላ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ግን ዓላማው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማከምና ለመላው አፍሪካ ባለሙያ ማሠልጠን ነበር። መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲውና የውጭ አገር የሥጋ ደዌ ሚሲዮኖች አንድ ላይ ሆነው አቋቋሙት። አንዳቸው ብቻቸውን ሊሸከሙት የሚችሉት ሥራ አልነበረም።

ምክንያቱ በሽታው ራሱ ነው። ሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ሚስማር ቢወጋው አይሰማውም፤ በቁስሉ ላይ እየተራመደ ይውላል። መድኃኒት ተሕዋሲውን ይገድላል እንጂ የሞተውን ነርቭ አይመልስም። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቱ የእጅና የእግርን ስሜት በየጊዜው ይፈትሻል። አዲስ ድካም አግኝቶ ለሐኪሙ ፈጥኖ ከነገረው፣ በስድስት ወር ውስጥ በሚጀመር ፕሬድኒሶሎን ነርቩ ሊያገግም ይችላል። ሳይነግረው ከቀረ ግን ሁለቱም ሥራቸውን በሚገባ ሠርተው እንኳ ሕመምተኛው ጣቱን ሊያጣ ነው። ቀዶ ሐኪሙም ጅማት አዛውሮ የታጠፈ ጣት ቢያቃና፣ በፊትና በኋላ ልምምድ ከሌለ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የጫማ ሠሪው ቦታ ነው። በአገራችን ቆዳ የሚሠራ ሰው እንዴት ይናቅ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። እዚህ ግን ውስጡ ለስላሳ ጎማ የተነጠፈበት ጫማ ካልተሠራ የዳነው ቁስል እንደገና ይከፈታል። ያረጀው ጫማ የት ላይ እንደተበላ አይቶ ክብደቱ የሚያርፍበትን ስፍራ የሚያውቀው እርሱ ነው። ቃሉን የማይሰማ ሐኪም ያንኑ ቁስል ደጋግሞ ሲያክም ይኖራል።

እኔ ራሴ በነበርሁበት አንድ የስፌት ማሠልጠኛ ፕሮጀክት ይህ ጎድሎን ነበር። መኪናዎቹ መጡ፤ አስተማሪዋም ጎበዝ ነበረች፤ ሒሳብ ያዡ አንዲት ሳንቲም አላጎደለም። የተሰፋውን ልብስ ማን እንደሚሸጥ ግን ማንም አልተጠየቀም። ሁላችንም መልካም ሪፖርት ጻፍን፤ ልብሱ ግን በመጋዘን ተከምሮ ቀረ። አስተማሪዋ ስለ ገበያው ሁለት ጊዜ አንሥታ ነበር። የኮሚቴ አባል ስላልነበረች አልሰማናትም፤ እኔም ከማይሰሙት አንዱ ነበርሁ።

ደግሞ ከቡድኑ የምንረሳው ሌላ ሰው አለ። ዳፕሶን ብቻውን ተሕዋሲውን ማሸነፍ እያቃተው ሲሄድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት እንዲጀመር መከረ። ሕመምተኛው በወር አንድ ቀን በጤና ሠራተኛ ፊት ይውጣል፤ የቀሩትን ቀናት ግን በቤቱ የሚውጠው ራሱ ነው፤ እንደ በሽታው ዓይነት ለስድስት ወይም ለአሥራ ሁለት ወር። እግሩንም ማታ ማታ የሚመረምረው ራሱ ነው። እንግዲህ ከሥራው የሚበዛው በተረጂው እጅ ሳለ፣ በስብሰባችን ለእርሱ ወንበር የማናዘጋጅለት ስለ ምንድን ነው?

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ እያንዳንዱ አባል፣ ተረጂዎችም ጭምር፣ በወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፤ ሥራዬን ከማን እቀበላለሁ? ለማንስ አስረክባለሁ? ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁለቱ የማይገጣጠሙበትን ስፍራ ስታገኙ ውይይቱን ከዚያ ጀምሩ።