አስተማሪ ስለ ኦቲዝም የትኛውን መጽሐፍ ያንብብ?

ስሙ ሲጠራ የማይመልስ፣ ከእኩዮቹ ጋራ የማይጫወት፣ የተጠየቀውን ጥያቄ እንዳለ መልሶ የሚደግም ተማሪ ያጋጠመው አስተማሪ፣ ልጁን ሰነፍ ወይም ባለጌ ነው ብሎ ከመፍረዱ በፊት ስለ ኦቲዝም የተጻፈውን ሊመለከት ይገባዋል። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ የተጻፉት መጻሕፍት እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ናቸው። አንዱ የልጁን እናት ለአስተማሪው ረዳት ሲያደርግለት፣ ሌላው ተከሳሽ አድርጎ ያቀርብለታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሊዮ ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች ያወጣው ጽሑፍ ለዚህ ጥናት ዋና መነሻ ሆኗል። ካነር ሁኔታው ከልጆቹ ጋራ የተወለደ መሆኑን ቢገልጥም፣ ከወላጆቻቸው መካከል ፍቅራቸው ሞቅ ያለ ጥቂቶች ብቻ እንደ ነበሩ አክሎ ጻፈ። በኋላ የመጡት ብዙዎች የያዙት ይህችን ሁለተኛዋን ነገር ነው። በዚህም የተነሣ ስንቷ እናት «ልጅሽን እንዲህ ያደረግሽው አንቺ ነሽ» ተባለች!

ይህን ሐሳብ በ1964 በመጽሐፍ የተቃወመው የሥነ ልቡና ሊቅ በርናርድ ሪምላንድ፣ እርሱም ራሱ የኦቲዝም ልጅ አባት ሲሆን፣ ምክንያቱ በአካል ተፈጥሮ ውስጥ መፈለግ እንዳለበት አስረዳ። ሆኖም በ1967 የቺካጎው ብሩኖ ቤተልሃይም «ባዶው ምሽግ» በተባለው መጽሐፉ ጥፋቱን እንደ ገና በወላጆች ላይ ጣለ። በዚያው ዓመት ክላራ ክሌይቦርን ፓርክ የተባለች እናት ስለ ልጇ የመጀመሪያ 8 ዓመታት «ከበባ» የተሰኘውን መጽሐፍ አወጣች። ሁለቱም ርእሶች ከጦርነት የተወሰዱ መሆናቸው ያስገርማል፤ ነገር ግን በአንዱ እናት ጠላት ስትሆን፣ በሌላው ምሽጉን በትዕግሥት ከብባ ወደ ልጇ ለመግባት የምትደክመው እርስዋ ናት።

በ1977 በእንግሊዝ አገር በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት የዘር ውርስ ከፍ ያለ ድርሻ እንዳለው አሳየ። የቤተልሃይም ክስ ዛሬ ተቀባይነት የለውም።

ከሁሉ ይልቅ ለክፍል የሚጠቅም ሆኖ ያገኘሁት ግን ራሷ ኦቲዝም ያለባት የቴምፕል ግራንዲን መጽሐፍ «በሥዕል ማሰብ» (1995) ነው። ቃላት ለእርስዋ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ናቸው፤ ሐሳቧ የሚመጣው በሥዕል ነው። በአፍ ተከታትሎ የሚነገር ረጅም ትእዛዝ ከአእምሮዋ ይጠፋል፤ ተጽፎ ሲሰጣት ግን ትፈጽመዋለች። እንግዲህ «እንቢ አለ» የተባለው ተማሪ ምናልባት ትእዛዙ አምልጦት ይሆናል። እርግጥ እርስዋም በኋላ እንዳመነችው፣ ኦቲዝም ያለበት ሁሉ በሥዕል አያስብም።

በአገራችንም በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋመችው፣ በ2021 ያረፈችው ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበረች። ስለዚህ የመምህራን ማሠልጠኛ ቤተ መጻሕፍት በመጀመሪያ «ከበባን» እና የግራንዲንን መጽሐፍ ቢገዛ መልካም ነው። «ባዶው ምሽግም» ቢሆን ከመደርደሪያው አይውጣ፤ ነገር ግን ከሪምላንድ መጽሐፍ ጎን ይቀመጥ።