ሙቀቱ ለማሽላ፣ ብርሃኑ ለሶላር

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት። እኔ እዚያ ሶላር እተክላለሁ፣ እጠግናለሁ። በገበያ ቀን ማሽላቸውን ሸጠው የሚመጡ አባቶች «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ሐሩር እያለ እንዴት መብራት እናጣለን?» ይሉኛል። «አባቴ፣ ሶላር የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ሐሩሩ ይጎዳዋል» ስላቸው ዕቃዬን ላለመሸጥ የማመካኝ ይመስላቸዋል።

ሶላሩ ከሲሊከን የተሠሩ ስስ ሴሎች ድርድር ነው። በእያንዳንዱ ሴል አንደኛው ፊት ላይ ጥቂት ፎስፈረስ፣ በሌላው ላይ ጥቂት ቦሮን ተጨምሯል። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይፈናቀላሉ፤ ሁለቱ ፊቶች የሚገናኙበት ድንበር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይገፋቸዋል። ሽቦ ሲዘረጋላቸው በእሱ ዞረው ይመለሳሉ፤ ኤሌክትሪክ የምንለው ይህን ነው። አንድ ሴል የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ያህል ስለሆነ፣ ለ12 ቮልት ባትሪ 36 ያህሉ በተከታታይ ይያያዛሉ።

ፋብሪካው «100 ዋት» ብሎ የሚጽፈው ሶላሩ 25 ዲግሪ ላይ ሳለ ለክቶ ነው። ከዚያ በላይ በየዲግሪው ከመቶ 0.4 ያህል ይቀንሳል። በግንቦት ቀትር ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ 65 ዲግሪ ከደረሰ 16 ዋት ሄደ ማለት ነው። በጠራ ሰማይ ያው ሶላር ላስታ ብርድ ላይ ቢተከል ከኛ ይበልጣል፤ ይህን ስናገር የኛ የራያ ሰው ደስ አይለውም።

ለመንደር በሙሉ የሚያበራ የሶላር ጣቢያም አሠራሩ ያው ነው፤ ሶላሩ ይበዛል፣ ለባትሪዎቹ ቤት ይሠራላቸዋል፣ ኢንቨርተር ቀጥታውን ጅረት ቤት ውስጥ ወደምንጠቀምበት ተለዋዋጭ ጅረት ይቀይራል። ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሚቶ በምትባል መንደር 10.5 ኪሎዋት ተተክሎ ነበር፤ በ1989 ወደ 30 አድጎ ለውሃ ፓምፕና ለወፍጮም ደረሰ። በኛው ክልል ሰሜን ሸዋ፣ ሬማ ላይ ደግሞ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን በየቤቱ ሶላር ሲተክል ቴክኒሻን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤትም እዚያው ከፈተ። እኔ ከሶላሩ ይልቅ ትምህርት ቤቱን አደንቃለሁ። ሶላር 20 ዓመት ይዘልቃል፤ ባትሪ ግን ቀድሞት ይሞታል፣ ያኔ የሚደርስለት ሰው ከሌለ ሶላሩ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

ሶላር የምትገዙ የቆላ ሰዎች፣ ቆርቆሮው ላይ አትለጥፉት፤ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፣ ወደ ደቡብም 12 ዲግሪ ያህል ይዘንብል። አቧራውን ማለዳ እጠቡት፤ በቀትር በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉበት፣ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።