የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባና በባሌ



የካቲት 12 ቀን በተጠራ ቊጥር የሁላችን ሐሳብ ወደ አዲስ አበባ ያመራል። በዚህ ቀን በ1929 ዓ. ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ፋሽስቶችም ቂማቸውን በሰላማዊው ሕዝብ ላይ ተወጡ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲገድሉና ቤት ሲያቃጥሉ ሰነበቱ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያለቀውን ሕዝብ 30,000 አድርጎ ገምቶታል። በስድስት ኪሎ የቆመው ሐውልት የእነዚህ ሰማዕታት መታሰቢያ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ቀን ለባሌም የሐዘንና የክብር ቀን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ. ም. ዋና ከተማይቱ በጠላት እጅ ብትወድቅም፥ የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከሲዳሞው ገዥ ከራስ ደስታ ዳምጠውና ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋራ ሆነው በደቡብ መዋጋታቸውን አልተዉም ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በጉራጌ አገር በጎጌቲ በተደረገው ውጊያ የባሌና የሲዳሞ ጦር ቅሬታ ተደመሰሰ። ሁለቱ ደጃዝማቾች በዚሁ ዘመቻ ሕይወታቸውን ለአገራቸው ሰጡ፤ ራስ ደስታም ቆስለው ቢያመልጡ ከ5 ቀን በኋላ ተይዘው ተገደሉ።

የደጃዝማች በየነ ባለቤት ልዕልት ሮማነወርቅ ኃይለ ሥላሴ ከልጆቻቸው ጋራ ወደ ኢጣልያ ተግዘው በ1933 ዓ. ም. መጀመሪያ በቶሪኖ ዐረፉ። ሚያዝያ 27 ቀን በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ለማየት አልታደሉም።

እንግዲህ በሮቤ፥ በጎባና በመላው የባሌ ደጋ ያላችሁ አድማጮች፥ የካቲት 12 ቀን ሲከበር የሩቅ ከተማ መታሰቢያ ብቻ አይምሰላችሁ፤ የባሌም ጦር በዚያ ቀን ወድቋልና።