ሲሮጡ የታጠቁት

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። እንደ ብዙዎቹ ብሎኮች ሊፍት የለውም። ምጥ የያዛትን ሴት መሸከሚያ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ማሰሪያውን አጥብቀን፣ ጋቢዋን ደርበንላት ደረጃውን ጀመርን። ባልደረባዬ ከራስጌዋ፣ እኔ ከእግሯ በኩል። ከታች የሚይዝ ሰው የኋሊት ነው የሚወርደው፤ ዓይኑ ታካሚዋ ላይ፣ እግሩ ደረጃው ላይ፣ ሁለት እጁ ወንበሩ ላይ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወገቤን ቀና አድርጌ አንድ ደረጃ ስወርድ ጋቢው አብሮኝ መጣ። ዘርፉ በቀበቶዬ ዘለበት ተይዟል። ሴትዮዋ ልብሷ ከላይዋ ሲሸሽ ደነገጠችና የደረጃውን ብረት ጨብጣ አልለቅም አለች። ሰው ተሸክሞ ደረጃ የወረደ ባለሙያ ይህን ይፈራል፤ እኛ እየወረድን ታካሚው ብረት ከያዘ ሦስታችንም ለመውደቅ የቀረን አንድ እርምጃ ነው። ቆምን። ግን ነፃ እጅ ያለው ማን ነው? የእኔም የባልደረባዬም እጅ ተይዟል። የደረሱልን ፌስታልና ፔርሙስ ይዘው የሚከተሉን እናቷ ናቸው። ዕቃቸውን ደረጃው ላይ ትተው በጎናችን ሾልከው ወረዱ፤ ጎንበስ ብለው ዘርፉን ከዘለበቱ አላቀቁልኝ። አምቡላንሱ ውስጥ ገብተን ትንሽ ስንረጋጋ ወገቤን እያዩ፣ «ይሄስ ለሠርግ ነው እንጂ ለዚህ ሥራ ይሆናል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቀበቶው ስመረቅ የተሰጠኝ ስጦታ ነበር፤ ወፍራም ቆዳ፣ ቢጫ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ዘለበት። ለደንብ ልብሴ ቀበቶ መርጬ አላውቅም ነበር። ሥራ የጀመርኩ ቀን ሸሚዙን፣ ሱሪውን፣ ጫማውንና አንጸባራቂ ሰደርያውን ቆጥረው ሲያስረክቡኝ ቀበቶ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ጥሪው ስለመጣ ቤቴ ያገኘሁትን ታጠቅሁና ሮጥኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የእኔ እንኳ አልተፈታም፤ የሰው ጋቢ ይዞ አስቀረኝ እንጂ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ የባልደረቦቼን ወገብ ማየት ጀመርኩ። አንዱ የወታደር ሸራ ቀበቶ ታጥቋል፤ አንዷ ሱሪዋ የቀበቶ ማስገቢያ ስለሌለው በላስቲክ ብቻ ትሠራለች፤ ሬዲዮዋን ስታንጠለጥልበት ሱሪው ወደ አንድ ጎን ይወርድና ታካሚ ላይ ጎንበስ ባለች ቁጥር በአንድ እጇ ትጎትተዋለች። ያ የምትጎትትበት እጅ የታካሚው እጅ ነው። ለኔ የጥሩ ቀበቶ ትርጉም ከዚህ ይነሳል፤ በሥራ ላይ እያሉ ቀበቶ መታጠቅዎን ካስታወሱ ቀበቶው ጥሩ አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ታዲያ «ያምራል ወይ?» ሳይሆን «ይታጠባል ወይ?» ነው። ቆዳ የጣልኩት በዚህ ፈተና ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ከደረሰ የመኪና አደጋ የተመለስን ዕለት ቀበቶዬን በአልኮልና በጥጥ ጠራርጌ ጨረስኩ ብዬ ነበር። ከቀናት በኋላ ብርሃን ላይ ሳየው በቀዳዳዎቹ ዙሪያና በስፌቱ ውስጥ ጥቁር ቡናማ ነገር ደርቋል። ታጥቦ ጭቃ ማለት ይኼ ነው። የጉበት በሽታ አምጪው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። እኔ ግን በእነዚያ ቀናት ቀበቶውን አልጋዬ ራስጌ እየሰቀልኩ ልጄን ሳቅፍ ነበር።

ቆዳ ደም ይመጥጣል፤ በረኪና ውስጥ ቢነከር ደግሞ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጨርቅ ነክ ቀበቶዎችም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። ናይለን ጠንካራ ነው፤ በረኪና ግን ክሩን ይበላዋል። ፖሊስተር የተሻለ ይችላል፤ የመኪና የደህንነት ቀበቶ የሚሠራውም ከእሱ ነው። ከሁሉም የሚመረጠው ላዩ በፕላስቲክ የተለበጠው ነው፤ ደም ውስጡ አይገባም፣ በጨርቅ ይጠረጋል። አጠባቡ ቀላል ነው። መጀመሪያ ደሙን በሳሙናና በውሃ ማስለቀቅ፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ጉልበቱ ይደክማልና። ከዚያ ባለ 5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ይሆናል፤ በዚያ ውስጥ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ።

ሁለተኛው ዘለበቱ ነው። ብረት በበረኪና ይዝጋል፤ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ጋቢም ይይዛል፣ ሆድም ይወጋል። መወጋቱን የሚያውቀው መሬት ላይ ተንበርክኮ ደረት የተጫነ ሰው ነው። አዋቂ ሰው ልቡ ሲቆም ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች እንጫናለን፤ በየሁለት ደቂቃው ከባልደረባ ጋር እንቀያየራለን። ሁለት ደቂቃ አጭር ይመስላል። የዘለበት ጠርዝ እምብርትዎ ሥር ሲወጋዎ ግን ሳያውቁት ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ክንድዎ ይታጠፋል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ጠፍጣፋ የፕላስቲክ መቆለፊያ፣ ምላስ የሌለው፣ ጓንት በለበሰ እጅ የሚከፈት፤ ይኸው ይበቃል።

ሦስተኛው ልኩ ነው። ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ከሰፋ በተለመደው ሱሪ ማስገቢያ አይገባም፣ ከጠበበ ሬዲዮ ሲሰቀልበት ይጠመዘዛል። ቀዳዳ ያለው ቀበቶ በሁለት ልክ መካከል ላለ ወገብ አይሆንም፤ የሚንሸራተተው ግን ለጾምም ለፍስክም ይበቃል። ቆሞ የተለካ ቀበቶ ሲቀመጡ ሌላ ነው። መርካቶ ሄጄ ስገዛ ታጥቄ ቁጢጥ አልኩ፣ ተንበረከክሁ፣ ጎንበስ ብዬ ከረጢት አነሳሁ። ነጋዴው ዝም ብሎ አይቶኝ ሲያበቃ፣ «ወንድሜ፣ ቀበቶ ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ስፖርት ልትሠራ?» አለኝ። ሥራዬን ስነግረው ግን ሁለት ሌላ አውጥቶ «እንግዲያው በነዚህም ቁጢጥ በል» አለ። ከሦስቱ የገዛሁት ሦስተኛውን ነው።

አራተኛው ቀበቶው ላይ የሚሰቀለው ነው፤ እዚህ ላይ የጀማሪ ሁሉ በሽታ ነበረብኝ። መቀስ፣ የዓይን ባትሪ፣ የጓንት ቦርሳ፣ ፕላስተር፣ ሬዲዮ፣ ስልክ፣ ቁልፍ፣ ቢላ። አንድ ቀን ከነተንጠልጣዩ ሚዛን ላይ ባስቀምጠው ሁለት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሾፌራችን፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጠው ጋሼ፣ «ሱቅ በደረቴ አውቃለሁ፤ ሱቅ በወገቤ ያየሁት ባንተ ነው» ብሎ ሲስቅብኝ ከረመ። ሳቁን የተቀበልኩት ዳሌዬ ላይ ሬዲዮው በሚሰቀልበት በኩል ሕመም ሲጀምረኝ ነው። በዚህ ሥራ ወገብ ሰው ሲሸከም ውሎ ያድራል፤ ብረት ልንጨምርበት አይገባም።

የእናቴ መቀነት ትዝ አለኝ። ጫፏ ላይ ሳንቲም ትቋጥር ነበር፤ ሁልጊዜ እዚያው ጫፍ፣ ሁልጊዜ አንድ ቋጠሮ። መብራት ቢጠፋም እጇ አይስተውም። አሁን እኔም ሦስት ነገር ብቻ እይዛለሁ። ሬዲዮው በግራ፣ ጫፉ ዱልዱም የልብስ መቁረጫ መቀስ በቀኝ፣ ጓንት ከፊት በቀኝ። የቀረው ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ጀርባ ላይ፣ አከርካሪው መሐል ምንም አይሰቀልም፤ የወደቀ ሰው የሚያርፍበት፣ የአምቡላንስ ወንበርም የሚደገፈው እዚያ ላይ ነውና።

ስለ ቀበቶ ስናወራ ከወገብ ወርዶ እግር ላይ የሚገኘውንም ሳላነሳ አላልፍም፤ ይህ ለባልደረቦቼ ብቻ ሳይሆን ለማንም አንባቢ ነው። ከሞተር ሳይክል የወደቀ ወጣት ጋ ስንደርስ አንድ መንገደኛ ቀበቶውን ፈትቶ ጭኑን አስሮለት አገኘን። ሰውዬው ደግ ነው፣ የቻለውን አድርጓል። ቀበቶው ግን ቀጭን ነው፤ እግሩ ጠቁሮ አብጧል፣ ደሙም አልቆመም። ምክንያቱ ይኼ ነው፤ ደም ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች በትንሽ ግፊት ይዘጋሉ፣ ከልብ የሚያመጡት ግን አይዘጉም። የሚገባው እየገባ መመለሻው ሲዘጋ መድማቱ ሊብስ ይችላል። የሱሪ ቀበቶ በእጅ ብቻ ተጎትቶ እስከዚያ ድረስ አይጠብቅም። እኛ የምንጠቀምበት ሰፊ ማሰሪያ ማጠንከሪያ ዘንግ አለው፤ ያሰርንበትንም ሰዓት እንጽፋለን። እርስዎ መንገድ ላይ ቢያጋጥምዎ ቀበቶዎን ለመፍታት ጊዜ አያጥፉ። ንጹሕ ጨርቅ፣ ነጠላም ቢሆን፣ ቁስሉ ላይ አድርገው በሁለት እጅዎ በሙሉ ክብደትዎ ይጫኑ፤ ሌላ ሰው ይደውል። አዲስ አበባ ውስጥ ቀይ መስቀል 907፣ እሳትና አደጋ 939 ነው። እስክንደርስ አይልቀቁ።

የደንብ ልብስ ግዥ ለምታዘጋጁ አንድ ልመና አለኝ። በቀጣዩ ዝርዝር ላይ ከሱሪው ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ቀበቶ፣ ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ የሚታጠብ፣ ጠፍጣፋ መቆለፊያ ያለው። ለሴት ባልደረቦቻችን የሚሰፋው ሱሪም የቀበቶ ማስገቢያ ይኑረው። ለአንድ ሰው ሁለት ቀበቶ ይሰጠው፤ አንዱ ሲነከር አንዱ እንዲታጠቅ። ዋጋው ከአንድ ጥንድ ጫማ በብዙ ያንሳል።

ዘንድሮ ተመርቃችሁ አምቡላንስ ላይ ለምትወጡ ደግሞ፦ የመጀመሪያው ጥሪ ሳይመጣ ግዙት። ሱቁ ውስጥ ቁጢጥ በሉ፣ ተንበርከኩ፣ ነጋዴው ይሳቅ።

የእኔ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ፈረቃ ስገባ ከጫማዬ በፊት እታጠቀዋለሁ፤ ስወጣ ታጥቦ መሥሪያ ቤት ሳጥኔ ውስጥ ይሰቀላል። ቤቴ ገብቶ አያውቅም።