ፕሮቲን የማይሠራው አር ኤን ኤ እና የካንሰር ተጋላጭነት

የሰው ልጅ ዲ ኤን ኤ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት ሲሆን፣ ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያዝዘው ክፍል ግን ከ2 በመቶ እምብዛም አይበልጥም። የቀረው ለብዙ ዓመታት «ቆሻሻ ዲ ኤን ኤ» እየተባለ ሲናቅ ቢቆይም፣ ብዙው ክፍሉ ወደ አር ኤን ኤ እንደሚገለበጥና ከዚህም ውስጥ ራሱ ፕሮቲን ባይሆንም የሌሎች ጂኖችን ሥራ የሚያበረታ ወይም የሚገታ እንዳለ ከታወቀ ወዲህ፣ የካንሰርን መነሻ የሚመረምሩ ሊቃውንት ፊታቸውን ወደዚያ አዙረዋል።

ፕሮቲን ከማይሠሩት ከእነዚህ አር ኤን ኤዎች መካከል በጣም አጭር ከሆኑት አንዱ ማይክሮ አር ኤን ኤ ይባላል፤ ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን እ.ኤ.አ. በ2024 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉትም ይህንኑ በማግኘታቸው ነው። ርዝመቱ 22 ፊደላት ገደማ ሲሆን፣ ፕሮቲን የሚያሠራው መልእክት ላይ ተጣብቆ ሥራውን ያስቆማል። ተመራማሪዎቹ ካርሎ ክሮቼና ጆርጅ ካሊን እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ የደም ካንሰር ዓይነት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በሕሙማኑ 13ኛ ክሮሞሶም ላይ በብዛት የሚጎድለው ቁራጭ ሁለት ማይክሮ አር ኤን ኤዎችን የያዘ መሆኑን አሳዩ፤ በኋላም ሁለቱ የሕዋስን ሞት የሚከላከል ፕሮቲን እንደሚገቱ ሲታወቅ፣ መሞት የነበረበት የደም ሕዋስ ለምን እንደሚከማች ግልጽ ሆነ። ይህ ጉድለት ግን በአብዛኛው በሕይወት ዘመን የሚደርስ እንጂ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም።

ለሚወረሰው ልዩነት ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በ8ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለች አንዲት ፊደል ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጡ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በዚያ ቦታ ቲ ሳይሆን ጂ የተባለውን ፊደል የወረሰ ሰው በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ለእያንዳንዱ ቅጂ በአንድ አምስተኛ ገደማ ከፍ ይላል። ቦታው ፕሮቲን የሚሠራ ጂን የለበትም፤ ሕዋስ እንዲባዛ የሚገፋፋው ሚክ የተባለው ጂን የሚገኘው 335 ሺህ ያህል ፊደላት ርቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ከዚሁ ሥፍራ ሲሲኤቲ2 የተባለ ረጅም አር ኤን ኤ እንደሚገለበጥና ጂ ፊደል ባለበት መጠኑ እንደሚጨምር ተገለጸ። ሥፍራው ራሱ፣ አር ኤን ኤው ቢኖርም ባይኖርም፣ ሚክን ከሩቅ እንደሚቀሰቅስ የሚያሳዩ ጥናቶችም ስላሉ የሁለቱን ድርሻ መለየት ቀላል አይደለም። ያም ሆነ ይህ፣ ሥፍራው ከዲ ኤን ኤያቸው የተወገደላቸው አይጦች ጤናቸው ሳይታወክ ለአንጀት ዕጢ የማይበገሩ ሆነዋል።

እንዲህ ያለችው ፊደል ግን ዕጣ ፈንታን የምትወስን አይደለችም፤ ጠቀሜታዋም ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። በአውሮፓውያን ዘንድ ጂና ቲ በግምት እኩል ሲገኙ፣ በምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ጂ በሁሉም ሰው ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የተለመደ በመሆኑ፣ በእነርሱ መካከል የአንዱን ሰው ተጋላጭነት ከሌላው ለመለየት የምትጠቅመው እምብዛም ነው፤ በአውሮፓውያን መረጃ የተዘጋጀን የተጋላጭነት ስሌትም ሳያስተካክሉ ለአፍሪካዊ ሕሙም መጠቀም የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።