መራጩ መጨረሻ ላይ የሚጠራበት መንገድ

ከሐረሩ ፈረስ መጋላ ተነስቶ በጀጎል ግንብ በየትኛውም በር የወጣ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ኦሮሚያ ይገባል። የሐረሪ ክልል ዙሪያውን በምሥራቅ ሐረርጌ የተከበበ ነው፤ የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን መቀመጫ ደግሞ እዚሁ ሐረር ከተማ ነው። እንዲህ በተጠላለፈ አገር «ቀበሌያችን ወዲያኛው ክልል ይጠቃለል» የሚል ነዋሪ ቢነሳ ማንን ደጅ ይጠናል?

በአሜሪካ የምሥራቅ ኦሪገን ነዋሪዎች ወደ ጎረቤታቸው አይዳሆ ለመጠቃለል ፊርማ እያሰባሰቡ ጉዳዩን በየካውንቲያቸው ለድምፅ አቅርበዋል። እስከ ግንቦት 2016 ድረስ 13 ካውንቲዎች ደግፈውታል። ወሰኑ ግን የሁለቱ ግዛቶች ምክር ቤቶችና ኮንግረሱ ካልፈቀዱ ንቅንቅ አይልም። የእኛ ሥርዓት የሚጀምረው ከዚያኛው ጫፍ ነው፤ ምክር ቤቶች ይቀድማሉ፣ መራጩ ይከተላል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 አጭር ነው። የወሰን ጥያቄ ሲነሳ የሚመለከታቸው ክልሎች ተስማምተው ይጨርሱታል። ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት አይቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ይወስናል። ፍላጎቱን ለማወቅ ሕዝቡ የተጠየቀበት ትልቁ አጋጣሚ ጥቅምት 1997 ነበር፤ ኦሮሚያና ሶማሌ የሚከራከሩባቸው ከ420 በላይ ቀበሌዎች ድምፅ ሰጡ፣ ከአምስቱ አራት እጅ ያህሉም ወደ ኦሮሚያ ሄዱ። ድምፁ ክርክሩን አልዘጋውም። በ2009 እና በ2010 በዚያው ወሰን ግራና ቀኝ መቶ ሺዎች ተፈናቀሉ። ሁለቱም ክልሎች ይገባኛል ይሏት የነበረችው ድሬዳዋ በበኩሏ በ1996 በወጣ አዋጅ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ሆነ።

በእኛ ሕግ የነዋሪው ፊርማ ቦታ ያገኘው በወሰን ሳይሆን በማንነት ጥያቄ ላይ ነው። በ1993 የወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አዋጅ ከጠያቂው ሕዝብ ቢያንስ የአምስት በመቶውን ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይጠይቅ ነበር።

ለመጠቃለል ሳይሆን ራስን ችሎ ክልል ለመሆን ግን አንቀጽ 47 መንገዱን ደረጃ በደረጃ ዘርግቶታል። የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወስኖ ጥያቄውን በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ያቀርባል፤ ያም በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ሲዳማ በዚህ አለፈ። የዞኑ ምክር ቤት ሐምሌ 2010 ወሰነ። ዓመቱ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ሲሞላ ድምፅ መስጫው አልተዘጋጀም ነበር፤ በተነሳው ግጭት ሰው ሞተ። ምርጫ ቦርድ ኅዳር 10 ቀን 2012 ሳጥኖቹን ሲከፍት ወረቀቱ ላይ ሁለት ምልክት ነበር፣ ክልል ለሚሉት ሻፌታ፣ ደቡብ ክልል ውስጥ እንቆይ ለሚሉት ጎጆ። 98.5 በመቶው ሻፌታን መረጠ። ያንን ውጤት ያየ ሁሉ ጥያቄው ቀድሞ እንደተመለሰ ሊያስብ ይችላል፤ እኔ ግን ከውጤቱ ይልቅ ያ ያለፈው የአንድ ዓመት ቀነ ገደብ የሚያስተምር ይመስለኛል። ሕጉ ቀን ቆርጦ ሲሰጥ ሕዝቡ ቀኑን ይዞ ይቆጥራል።

ሐረር ራሷ ስትጠቃለል የጠየቃት አልነበረም። ጨለንቆ ላይ በ1879 የአሚር አብዱላሂ ጦር ተሸነፈ፤ ምኒልክም ከተማዋን ያዙ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ከዘጠኙ የፌዴሬሽኑ አባላት አንዷ ሆና ተጻፈች።

እዚህ «መራጭ ማነው?» የሚለው ከሌላው ቦታ ይከብዳል። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው። 22ቱን የክልሉ ነዋሪ በሙሉ ይመርጣል፤ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ነው፣ የሚመርጡትም ሐረሪዎች ናቸው፤ አዲስ አበባ ይኑሩ ድሬዳዋ። በ2013 ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ ያሉት ሊመርጡ አይችሉም ቢል ክልሉ ፍርድ ቤት ሄዶ ረታ። ድምፁም መስከረም 20 ቀን 2014 ተሰጠ። የሐረሪ ወሰን አንድ ቀን ቢነሳ ከኦሮሚያ ጋር ለመስማማት የሚቀመጠው ክልል ምክር ቤቱ በከፊል ከጀጎል ርቀው በሚኖሩ መራጮች የቆመ ነው።