ሚክሰር ሲሸጥና ሲገዛ፤ ድምፅ ከነማሚቶው ይቀዳ ወይስ በጥሬው?

ከመካነ ሰላም እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ በተዘረጋው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ የገደል ማሚቶ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። በገበያ ኢኮ የሚባለው ይኸው ማሚቶ፥ ዛሬ በድምፅ ማቀላቀያው በሚክሰር ውስጥ ተሠርቶ ይሸጣል።

አዲሱ ሚክሰር የማሲንቆውን፥ የክራሩንና የድምፃዊውን ድምፅ በየመስመሩ ለይቶ ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ሚሞሪ ካርድ ያስገባል። በብዙዎቹ ዓይነቶች እያንዳንዱ መስመር በጥሬው ይቀዳል፤ ማሚቶው የሚገባው በተቀላቀለው ድምፅ ላይ ብቻ ነው። በሌሎቹ ግን ድምፁ ከነማሚቶው ይቀዳል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በወጥ ላይ ጨው ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። በጥሬው የተቀዳ የአምባሰል ወይም የባቲ ዜማ በኋላ እንደ ፈላጊው ይቀመማል፤ ከነማሚቶው የተቀዳው ግን ሊጠራ ስለማይችል፥ ድምፃዊው ዳግመኛ ተጠርቶ ወጪው እጥፍ ይሆናል። ያለ ማሚቶ መዝፈን ለሚቸግረው ድምፃዊ በጆሮ ማዳመጫው ብቻ ሊላክለት ይቻላል፤ ቀረጻው ጥሬ እንደ ሆነ ይቀራል።

ሟቹ አቶ አምሃ እሸቴ በ1969 በአውሮፓ አቆጣጠር የመጀመሪያውን ሸክላቸውን ሲያወጡ፥ ድምፃዊውና ባንዱ በአንድነት ይቀዱ ነበር፤ ለይቶ ማረሙ ለዛሬው ነጋዴ የተገኘ ዕድል ነው።

ስለዚህ አስመጪዎች ዕቃውን ከማዘዛቸው በፊት፥ «ቀረጻው የሚወሰደው ከማሚቶው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ፋብሪካውን ሊጠይቁ ይገባል፤ ባለሱቆችም መልሱን ለገዢው በግልጽ ያስረዱ። በቅሬታ የሚመለስ ዕቃ ትርፉን ይዞ ይሄዳልና።